ስኮፑ ተነቅሎ ሲመለስ ጥይቱ ያው ቦታ ይመታል? ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት የሚወስነው ውድድር 🎯

ፐብጂ ወይም ኮል ኦፍ ዲዩቲ የምትጫወቱ ነገሩን ታውቁታላችሁ። መሬት ላይ ስኮፕ ታገኛላችሁ፣ ነካ ስታደርጉት ጠመንጃው ላይ ቁጭ ይላል። ደስ ካላችሁ ባለ አራት ኤክሱን አውጥታችሁ ባለ ስምንቱን ትከታላችሁ። ማስተካከል የለ፣ መሞከር የለ፤ ገጥሞ መተኮስ ብቻ ነው።

በእውነተኛው ዓለም ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ስኮፕ አንዴ ተነቅሎ ሲመለስ ጥይቱ ያው ቦታ ይመታል ወይስ አይመታም? ይህ ጥያቄ የዒላማ ተኩስ ስፖርተኞችን ሲያከራክር የኖረ ነው። አንዱ "የኔ ማውንት መቶ ጊዜ ቢነቀል አይዛነፍም" ይላል፤ ሌላው "ስኮፕ ከታሰረ መነካት የለበትም" ብሎ ይምላል። ማን ነው ልክ? ዛሬ ይህን ከሥሩ እንየው። የምናወራው ወረቀት ዒላማ ላይ ስለሚተኮስ ስፖርት መሆኑን ግን ከወዲሁ ያዙልን።

"ዜሮ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ስኮፕ ጠመንጃው ላይ የሚታሰር አጉሊ መነጽር ነው። ውስጡ የመስቀል ምልክት አለ። ጥይቱ ግን በመነጽሩ ውስጥ አያልፍም፤ የሚወጣው ከመነጽሩ ሥር ባለው በርሜል ነው። ስለዚህ መስቀሉ ያረፈበት ቦታና ጥይቱ የሚመታው ቦታ በራሳቸው አይገናኙም። ተኳሹ ይተኩሳል፣ የት እንደመታ ያያል፣ ከዚያ የስኮፑን ማስተካከያ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ሁለቱን ያቀራርባል። ሲገጥሙለት "ዜሮ አደረግኩት" ይላል። እያንዳንዷ "ቀጭ" ደግሞ ክሊክ ትባላለች።

የሱቅ ሚዛን አስቡ። ሽንኩርቱ ሲነሳ ቀስቷ ዜሮ ላይ ካልተመለሰች ቀጥሎ የሚመዘነው ሁሉ የተሳሳተ ነው። ሚዛኑ አልተሰበረም፤ መነሻው ነው የተዛባው። ስኮፕም እንደዚያው ነው። ነቅለን ስንመልሰው መነሻው ላይ ካልተቀመጠ፣ መነጽሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ጥይቱ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ስኮፑን ከጠመንጃው ጋር የሚያስረው መያዣ ማውንት ይባላል። ሁለት ዓይነት አለ በሉ። አንደኛው በብሎን የሚታሰረው ነው፤ ለመፍታት ቁልፍ ወይም ካቻቢቴ ይፈልጋል። ሁለተኛው ቶሎ የሚነቀለው ነው፤ ያለ መሣሪያ በእጅ ብቻ ይወጣል። ብዙዎቹ የብስክሌት ጎማ ላይ እንዳለችው ዓይነት እጀታ አላቸው፤ ስትገለብጧት ታጠብቃለች፣ ስትመልሷት ትለቃለች። የዛሬው ጉዳያችን ይህ ሁለተኛው ነው።

ለምን ይነቀላል? እዚያው አይቀመጥም እንዴ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በኦሎምፒክ የጠመንጃ ውድድር ላይ ከነጭራሹ ስኮፕ አይፈቀድም። እነዚያ ስፖርተኞች የሚያነጣጥሩት ከኋላ ባለች ጠባብ ቀዳዳና ከፊት ባለች ቀለበት ነው። ጥያቄው እነሱን አይመለከትም።

አሜሪካ ውስጥ ግን ተኝተው በትንሿ ሃያ ሁለት ካሊበር ጠመንጃ የሚወዳደሩ አሉ። እዚያ ሁለት ዓይነት ጨዋታ አለ። በአንዱ የሚፈቀደው ባለ ቀዳዳው የብረት ማነጣጠሪያ ብቻ ነው፤ በሌላው "የፈለግከውን ተጠቀም" ስለሚባል ብዙዎች ስኮፕ ይገጥማሉ። ጠመንጃው ግን ያው አንዱ ነው! ስለዚህ ስኮፑ ይወጣል፣ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። በዚህ ላይ ጉዞው አለ፣ ጽዳቱ አለ፤ አንድ ውድ ስኮፕ ገዝቶ ለሁለት ጠመንጃ የሚጠቀምም አለ።

እንግዲህ ለነዚህ ሰዎች "ይመለሳል ወይስ አይመለስም" የወሬ ጥያቄ ሳይሆን የነጥብ ጥያቄ ነው።

የፀጉር ሒሳብ

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አትሽሹ፣ ቀላል ነው።

ስኮፑ ፊትና ኋላ በሁለት ቦታ ተይዟል እንበል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 100 ሚሊ ሜትር ይሁን። ማውንቱ ሲመለስ የኋላው ጫፍ በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። 0.1 ሚሊ ሜትር ማለት የአንድ ወፈር ያለ ፀጉር ያህል ነው። ይህ ከ100 ውስጥ 0.1 ነው፤ ማለትም አንድ ሺህኛ። የአንድ ሺህኛ ማዘንበል ደግሞ በ100 ሜትር ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ1000 ሜትር? ሙሉ 1 ሜትር።

አንድ ፀጉር፣ አንድ ሜትር። የነገሩ ሁሉ ምስጢር እዚህ ጋ ነው።

ወደ አሜሪካው ውድድር እንመለስ። "ዴዋር" የሚባለው ውድድር 40 ጥይት ነው፤ 20 በ50 ያርድ፣ 20 በ100 ያርድ። በ100 ያርዱ ዒላማ ላይ የአሥር ነጥብ ቀለበት ስፋት 2 ኢንች ነው፤ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በውስጡ ያለችው ኤክስ የምትባለው ቀለበት ደግሞ 1 ኢንች ናት። ጎበዞቹ አሥርን እየደጋገሙ ስለሚመቱ ብዙ ጊዜ ነጥባቸው እኩል ይሆናል፤ ያኔ አሸናፊውን የሚለየው ማን ብዙ ኤክስ መታ የሚለው ነው።

አሁን ደምሩት። ማውንቱ 0.01 ሚሊ ሜትር ቢያዘነብል ጥይቱ በ100 ያርድ 9 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። ልክ መሃል ላይ የነበረ ተኳሽ አሁንም ኤክስ ውስጥ ነው። 0.02 ቢሆን 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤክስ አመለጠች፣ አሥሩ ግን አለ። 0.04 ቢሆን 37 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሥሩም ሄደ። ይህ ሁሉ የሆነው ከፀጉር በቀጠነ ክፍተት ነው! ጣታችሁ ላይ ያለች ብናኝ ይህን ትሠራለች።

ማጥበቅ ወይስ ቦታውን ማግኘት?

ብዙ ሰው "በደንብ ከጠበቀ አይንቀሳቀስም፣ ካልተንቀሳቀሰ ይመታል" ብሎ ያስባል። ግማሹ እውነት ነው። የተገጠመው እንዳይነቃነቅ መጥበቅ አለበት። ወደ ዜሮ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድን ነገር በጣም አጥብቃችሁ የተሳሳተ ቦታ ላይ ልታስሩት ትችላላችሁ።

ሦስት ጉልቻን አስቡ። መሬቱ ጎርባጣ ቢሆን እንኳ ድስቱ ጉልቻው ላይ ሲቀመጥ አይወዛወዝም፤ ምክንያቱም ሦስት ነጥብ ሁሌም አንድ ወለል ብቻ ነው የሚሠራው። ካፌ ውስጥ ያለው ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ግን ይወዛወዛል፤ ወረቀት አጥፈን ከአንዱ እግር ሥር እንከታለን። የአራተኛው እግር ችግር ምንድነው? ጠረጴዛው አንዴ በነዚህ ሦስት፣ አንዴ በነዚያ ሦስት ላይ መቆም መቻሉ ነው። ሁለት መቀመጫ አለው ማለት ነው። ሁለት መቀመጫ ያለው ነገር ደግሞ ሁለት ዜሮ አለው።

ጥሩ ማውንት ማለት እንግዲህ አንድ መቀመጫ ብቻ ያለው ነው። ወደ ላይም፣ ወደ ጎንም፣ ወደ ፊትም "እዚህ ጋ ነው የምታርፈው" የሚለው ቁርጥ ያለ ነጥብ አለው። ማጥበቂያው እዚያ ነጥብ ላይ ይጫነዋል እንጂ ቦታ አይመርጥለትም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የድሮው የኡነርትል ስኮፕ ነው። ጆን ኡነርትል የሚባል ባለሙያ ፔንስልቬንያ ውስጥ የሠራቸው ረጃጅም የዒላማ ስኮፖች በአሜሪካ የዒላማ ተኳሾች ዘንድ ስማቸው የገነነ ነበር። ጠመንጃው ላይ ሁለት ትናንሽ የብረት ብሎኮች ይታሰራሉ፤ ስኮፑ እነሱ ላይ ተሰክቶ በእጅ በሚዞር ብሎን ይያዛል። የብሎኑ ጫፍ የሚገባው ብሎኩ ጎን ላይ በተቆረጠች ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ነው። ስለዚህ "ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ" የሚባል ነገር የለም፤ ቦታዋ አንድ ናት።

በዚህ ላይ የሚገርመው፣ ይህ ስኮፕ ከባድ ጠመንጃ ላይ ሲሆን በሚተኮስበት ጊዜ መያዣው ውስጥ ወደፊት ይንሸራተታል። ተኳሹ ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ በእጁ ወደኋላ ይስበዋል፣ ወይም ስፕሪንግ ይመልሰዋል። እንዲንቀሳቀስ ተብሎ የተሠራ ስኮፕ! ግን ይመታል፤ ምክንያቱም ተመልሶ የሚያርፍበት ቦታ ቁርጥ ያለ ነው።

የሁለቱ ብሎኮች ርቀትም ዝም ብሎ አልተመረጠም። 7.2 ኢንች ነው፤ 18.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በዚህ ርቀት ስኮፑ በአንድ ክሊክ 0.0005 ኢንች ሲንቀሳቀስ ጥይቱ በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ይለወጣል። ያ ማለት ክሊኳ 0.013 ሚሊ ሜትር ያህል ናት። የፀጉሩን ሒሳብ ሰዎቹ ያኔውኑ ሠርተውታል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት፣ በሁለቱ መያዣዎች መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር ያችው ስህተት ጉዳቷ ያንሳል። በጣም ተቀራርበው የተገጠሙ መያዣዎች ግን ያችኑ ስህተት ያባብሷታል።

የዛሬው ሐዲድ

ዛሬ በብዙ ጠመንጃዎች ላይ የምታዩት ጥርስ ጥርስ ያለው ሐዲድ ፒካቲኒ ይባላል። ስሙን ያገኘው ኒው ጀርሲ ካለው የአሜሪካ ጦር የመሣሪያ ማዕከል ነው። ደረጃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የእያንዳንዱ ቁርጥ ስፋት 5.23 ሚሊ ሜትር፣ ከአንዱ ቁርጥ መሃል እስከ ሌላው መሃል 10.01 ሚሊ ሜትር ነው። ከሱ በፊት የነበረው ዊቨር የሚባለው ሐዲድ ጠበብ ያሉ ቁርጦች ነበሩት፤ ርቀታቸውም አንድ ወጥ አልነበረም። ፒካቲኒ ሁሉን አንድ አደረገና ከየትም የተገዛ ዕቃ እንዲገጥም አስቻለ።

መግጠም ግን መመለስ አይደለም። የፒካቲኒ ጎኖች ያዘነበሉ ናቸው፤ ማውንቱ በነዚያ ያዘነበሉ ጎኖች ሲጨመቅ ከፍታው እንደ ጭመቃው ጥንካሬና እንደ ብረቱ ንጽሕና በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኔቶ የራሱን ደረጃ ሲያወጣ ያሻሻለው አንዱ ነገር ይኸው ነው፦ ማውንቱ መነሻ የሚያደርገው ያዘነበሉትን ጎኖች ሳይሆን የሐዲዱን ጠፍጣፋ አናት ይሁን ተባለ። ለምን? ጠፍጣፋው አናት ላይ ሲያርፍ በተደጋጋሚ አንድ ቦታ የመቀመጥ ዕድሉ ስለሚጨምር። የጉልቻው ነገር እዚህም መጣ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ያበላሸዋል?

👉 ቆሻሻ። የፀጉሩን ሒሳብ አይታችኋል። አሸዋ፣ የደረቀ ዘይት፣ የተላጠ ቀለም መሃል ከገባ መቀመጫው ተቀየረ።

👉 የተለያየ ቁርጥ። ስኮፑ አምስተኛው ቁርጥ ላይ ነበረ፤ ስትመልሱት ስድስተኛው ላይ ገባ። ሐዲዱ ፍጹም ቀጥ ያለ ስላልሆነ ዜሮው ይለወጣል። ብዙ ተኳሾች ቦታውን በቀለም ምልክት የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

👉 ወደፊት አለመግፋት። ማውንቱ ቁርጡ ውስጥ ትንሽ ክፍተት አለው። ጠመንጃው ሲተኮስ ወደኋላ ይመታል፣ ስኮፑ ግን ባለበት መቆየት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከጠመንጃው አንጻር ወደፊት ይሄዳል። ከማጥበቃችሁ በፊት ራሳችሁ ወደፊት ካልገፋችሁት የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ይገፉላችኋል፤ ዜሮውም በዚያው ይሄዳል።

👉 የእጅ ጉልበት። በእጅ የሚዞር ብሎን ጠዋት በአንድ ጉልበት፣ ማታ በሌላ ጉልበት ይጠብቃል። እጀታ ያላቸው ማውንቶች ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው፤ ጥብቀቱ አንዴ ከተስተካከለ ሁሌም ተመሳሳይ ጭመቃ ይሰጣሉ። ግን እነሱም ሲያረጁ ይላላሉ፤ አልፎ አልፎ መታየት አለባቸው።

አንድ ነገር እንጨምር፦ ማውንቱ ባልሠራው ወንጀል የሚከሰስበት ጊዜም ብዙ ነው። ስኮፑን የያዙት ቀለበቶች ብሎን ላልቶ ሊሆን ይችላል። ሐዲዱ ራሱ ከጠመንጃው ጋር የታሰረበት ብሎን ላልቶ ሊሆን ይችላል። የጥይቱ ዓይነት ተቀይሮ ይሆናል። ወይም ተኳሹ ጉንጩን ያስቀመጠበት ቦታ ተለውጦ ዓይኑ ከመነጽሩ መሃል ወጥቷል። የእጀታዋን ማውንት ከመወርወራችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

እንዴት ይፈተሻል?

"ሦስት ጥይት ተኮስኩ፣ ነቀልኩ፣ መለስኩ፣ ሦስት ተኮስኩ፤ ያው ነው!" የሚል ቪዲዮ ብዙ ታያላችሁ። ይህ ማስረጃ አይደለም። ማንኛውም ጠመንጃ ስኮፑ ባይነካ እንኳ ጥይቶቹን ይበትናል። የሦስት ጥይት መሃል በዕድል ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላል።

የተሻለው መንገድ ይህ ነው፦

1. ስኮፑን ሳትነኩ አሥር ጥይት ተኩሱ። የጠመንጃው የራሱ ብትን ይህ ነው።
2. በሌላ ወረቀት ላይ አሥር ጥይት ተኩሱ፤ አሁን ግን ከእያንዳንዱ ጥይት በፊት ጠመንጃውን ባዶ አድርጋችሁ ስኮፑን ንቀሉና መልሱ።
3. ሁለቱን ወረቀቶች አስተያዩ። ሁለተኛው በግልጽ ከሰፋ ልዩነቱ የማውንቱ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ስህተቶች ዝም ብለው አይደመሩም። የጠመንጃው ብትን 3፣ የማውንቱ 4 ቢሆን አንድ ላይ የሚሰጡት 7 ሳይሆን 5 ነው፤ የፓይታጎረስ ሦስት ማዕዘን ትዝ ይበላችሁ። ጠመንጃው 3፣ ማውንቱ 1 ከሆነ ደግሞ ውጤቱ 3.2 ገደማ ብቻ ነው። ማለትም በጣም በሚበትን ጠመንጃ ላይ መጥፎ ማውንት ሊደበቅ ይችላል። "የኔ አይዛነፍም" የሚለው ሰው ምናልባት የሚዛነፈውን የሚያሳይ ጠመንጃ የለው ይሆናል።

ጥይት ሳታባክኑ የሚሠራ ዘዴም አለ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ ቦልቱ ይወጣል፤ ከዚያ በሞርሳ እንዳይንቀሳቀስ ይያዛል። ራቅ ያለ ግድግዳ ላይ ካሬ ካሬ የሆነ ወረቀት ይለጠፋል። በበርሜሉ ውስጥ አንድ ምልክት፣ በስኮፑ ደግሞ መስቀሉ ያረፈበት ካሬ ይታያል። ስኮፑ ይነቀላል፣ ይመለሳል። በበርሜሉ የሚታየው ካልተለወጠ፣ የስኮፑ መስቀል ግን ካሬ ከቀየረ፣ የተንቀሳቀሰው ማውንቱ ነው። አሥር ጊዜ ደጋግሞ መመዝገብ ይበቃል።

ታማኝ ነው ወይስ አይደለም?

መልሱ "አዎ" ወይም "አይ" አይደለም፤ መልሱ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ይበቃል ወይ የሚለውን ደግሞ የሚወስነው የጨዋታው ሕግ ነው።

በአሜሪካው የሃያ ሁለት ካሊበር ውድድር ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ የፈለጉትን ያህል የሙከራ ጥይት መተኮስ ይቻላል። ስኮፑ ሲመለስ ሁለት ክሊክ ቢዛነፍ፣ ተኳሹ በሙከራ ጥይቶቹ አይቶ ያስተካክላል፤ ነጥብ አይጠፋም። እዚያ ቶሎ የሚነቀል ማውንት በደንብ ያዋጣል።

እንግሊዝ ውስጥ ቢዝሊ በሚባለው ዝነኛ የተኩስ ሜዳ ግን የረጅም ርቀት ተወዳዳሪ የሚሰጠው ሁለት የሙከራ ጥይት ነው። ኤፍ ክላስ በሚባለው የስኮፕ ውድድር በ1000 ያርድ የመሃሏ ቀለበት ስፋት 5 ኢንች ናት፤ 12.7 ሴንቲ ሜትር። የ0.01 ሚሊ ሜትር መዛነፍ በዚህ ርቀት 9 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከመሃል አውጥቶ ይጥለዋል። ሁለት ጥይት ደግሞ ነፋሱን ለማወቅም አይበቃም፤ በዚያ ላይ "ይህ የነፋሱ ነው የማውንቱ?" የሚል ጥርጣሬ ሲጨመር ሰውየው አለቀለት። እዚህ ስኮፑን በብሎን አስሮ አለመንካት ብልህነት ነው። ለመንቀል የሚያስገድድ ምክንያት ካለ ደግሞ ከውድድሩ ቀን በፊት መልሶ መሞከር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሁለቱም ተከራካሪዎች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው የሚለያየው። ማሸጊያው ላይ "ወደ ዜሮ ይመለሳል" ተብሎ ሲጻፍ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ በምን ያህል ልዩነት? ስንት ጊዜ ተሞክሮ? እነዚህን የማይመልስ ጽሑፍ ማስታወቂያ ነው።

ይህ ጥያቄ ለስኮፕ ብቻ አይደለም። የሱቅ ሚዛን፣ የስኳር መለኪያ፣ የደም ግፊት መለኪያ፤ ቁጥር የሚሰጣችሁ ማንኛውም ዕቃ ላይ ይሠራል። የሚታመነው ስላልተነቃነቀ ሳይሆን ደጋግሞ ወደ ዜሮው መመለሱ ስለተለካ ነው።

ቀጥሎ በጌም ውስጥ የምታዩትን የትኛውን ዕቃ ከእውነተኛው ጋር እናስተያይላችሁ? ጻፉልን። ከጌም ለማይነቃነቅ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት 😄